ባቡር የማይደርስበት ጣቢያ
በጣና ምዕራብ ዳር፣ ቁንዝላ ላይ፣ የፊልም ቦታ ፍለጋ ወደ ቤተሰብ ታሪክ ሲያደርስ

ልጆች ፊልም አይተው ሲጨርሱ ከሚጠይቁት ሁሉ ወላጅን የሚያስቸግረው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይሄ ቦታ የምር አለ?» የሚለው። ታሪኩ ፈጠራ መሆኑን ያውቃሉ። የሚበረው መኪናና የሚናገረው አንበሳ እውነት እንዳልሆኑ ማንም ሊያስረዳቸው አይገባም። ተዋናዩ የተደገፈው ግንብ፣ የወጣው ደረጃ፣ የተሳፈረበት ባቡር ጣቢያ ግን የሆነ አገር ላይ መኖር እንዳለበት ይጠረጥራሉ። ጥርጣሬያቸው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው።

በእኛ ቤት ጥያቄውን ያነሣው የሃሪ ፖተርን ፊልሞች ደጋግሞ ያየው የ10 ዓመቱ ልጄ ነው። የ7 ዓመቷ እህቱም ተከተለችው። ከዚያ ወዲህ «ቦታውን ፈልግ» የቅዳሜ ማታ ጨዋታችን ሆነ። ስልክ፣ ካርታና የቆመ የፊልም ምስል እንይዝና የተቀረጸበትን ቦታ እናፈላልጋለን። ባሕር ዳር የሚኖር ቤተሰብ ጨዋታውን ከለንደን ጀምሮ ጣና ላይ ቢጨርሰው አይገርምም። የእኛ የመጨረሻው ጉዞ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ ወደምትገኘው ቁንዝላ ነበር።

ዘጠኝ ከሦስት አራተኛ የት ነው?

ሃሪ ፖተርና ጓደኞቹ ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚሳፈሩት ለንደን ካለው ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ፣ «ፕላትፎርም 9¾» ከተባለ ቦታ ነው። ኪንግስ ክሮስ እውነተኛ ጣቢያ ነው፤ 9 እና 10 የሚባሉ ፕላትፎርሞችም አሉት። ፊልሙ የተቀረጸው ግን በ4 እና በ5 መካከል ነው። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ መጽሐፉን ስትጽፍ በአእምሮዋ የነበረው ዩስተን የተባለው ሌላው የለንደን ጣቢያ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። በሁለተኛው ፊልም ላይ ከውጭ የሚታየው ግርማ ያለው ቀይ የጡብ ሕንፃ ደግሞ ጎረቤቱ ሴንት ፓንክራስ ነው። አንድ ጣቢያ ነው ብለን ያየነው እንግዲህ ከተለያየ ቦታ የተሰፋ ነው። ዛሬ ኪንግስ ክሮስ ውስጥ ምልክት ተሰቅሎ፣ ግማሹ ግድግዳ ውስጥ የገባ የሚመስል የሻንጣ ጋሪ ተተክሎ፣ ቤተሰብ በሙሉ ተሰልፎ ፎቶ ይነሣበታል።

በሰሜን እንግሊዝ ካርንፎርዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዴቪድ ሊን «ብሪፍ ኤንካውንተር» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 በዚያች ከተማ ጣቢያ በሌሊት ቀረጸ። ጦርነቱ ገና አላበቃም ነበር። ጣቢያው ከለንደን ሩቅ ስለሆነ የአየር ጥቃት ቢመጣ መብራት ለማጥፋት ጊዜ ይገኛል ተብሎ ነበር የተመረጠው። ሁለቱ ሰዎች ሻይ የሚጠጡበት ክፍል ግን እዚያ አልነበረም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ጣቢያው ሲታደስ የካርንፎርዝ ሰዎች እውነተኛውን የሻይ ክፍላቸውን የፊልሙን አስመስለው ሠሩት። በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ላለ እንደኔ ዓይነት ሰው ይህ ታሪክ ትልቅ ትምህርት አለው። ፊልሙ ከጣቢያው ወሰደ፣ ጣቢያውም ከፊልሙ ወሰደ፤ ይህ ሁሉ የሚያምረው ግን ሰዓቱና ፕላትፎርሙ በእርግጥም የፊልሙ ስለሆኑ ነው።

የሁሉም ታላቅ ደግሞ የሉሚዬር ወንድማማቾች አጭር ፊልም ነው፤ ባቡር ወደ ጣቢያ ሲገባ የሚያሳየውና አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላው። ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ጣቢያው በደቡብ ፈረንሳይ በባሕር ዳርቻዋ ላ ሲዮታ ይገኛል። ለምን እዚያ ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ቤተሰቡ የዕረፍት ቤት የነበረው እዚያ ነው። ፕላትፎርሙ ላይ ከሚታዩት ሰዎች መካከል የራሳቸው የቤተሰብ አባላት ይገኛሉ። ከሲኒማ ቀደምት ምስሎች አንዱ፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት፣ የቤተሰብ የዕረፍት ጊዜ ቪዲዮ ነው።

ፈላጊው ምን ይመለከታል?

ከእነዚህ ሦስት ጣቢያዎች ልጆቹና እኔ አራት ደንቦች አወጣን። እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሯቸው ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው፣ የሚንቀሳቀሰውን ትታችሁ የማይንቀሳቀሰውን ማየት ነው። የጣቢያ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ፣ መኪናና ባንዲራ ለቀረጻ ሲባል ይቀየራሉ። ኮረብታ፣ የጣሪያ ቅስት፣ የመስኮት ብዛትና ትልቅ ዛፍ ግን ቶሎ አይቀየሩም።

ሁለተኛው፣ ውጩንና ውስጡን መለየት ነው። የካርንፎርዝ ሻይ ክፍል እንዳስተማረን፣ ተዋናዩ በር ከፍቶ ሲገባ ሌላ ከተማ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛው፣ «ማን ነው የቀረጸው? የትስ ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሉሚዬሮች የሚያውቁት ቦታ ሄዱ። ፊልም ሠሪ ብዙ ጊዜ እግሩ ወደለመደው ይሄዳል።

አራተኛው፣ ልጆቹ በጣም የወደዱት፣ ፀሐይን መከተል ነው። ጥላ ወዴት እንደወደቀና ፀሐይ በየት በኩል እንደወጣች ካወቃችሁ ካሜራው የዞረበትን አቅጣጫ ታውቃላችሁ። ፀሐይን ማንም ዳይሬክተር አያዝዛትም።

በአገራችን ለዚህ መለማመጃ የሚሆን እውነተኛ ጣቢያ የሚፈልግ አዲስ አበባ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ለገሃርን ያገኛል። ስሙ ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ጣቢያው» ማለት ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዛሬ የምናየው ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። የፊት መስኮቶቹን አስቆጥሯቸውና ከአሮጌ ፎቶግራፍ ጋር ያመሳክሩ። የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝናኛ ነው።

የጣና መስመር

ወደ እኛ አካባቢ ሐዲድ አልመጣም። ጣና ላይ ግን ባቡር ያልሠራውን ሥራ ጀልባ ሠርቶታል። ሐይቁ በርዝመቱ 84፣ በወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳሩን በእግር መዞር የቀናት መንገድ በሆነበት ዘመን ውሃው አቋራጭ ነበር። ከባሕር ዳር የሚነሣው የመንገደኛ ጀልባ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን፣ እሰይ ደብርንና ደልጊን አልፎ ሰሜን ዳር ጎርጎራ ይደርሳል። ለብዙ ዓመታት ጉዞው ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ይነሣል፣ ቁንዝላ ያድራል፣ ሰኞ ጎርጎራ ይገባል። ሐሙስ ተነሥቶም እንደዚያው ቁንዝላ አድሮ ይመለሳል።

ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ልጄ ወረቀት አውጥቶ ክብ ክብ እየሠራ በመስመር አገናኛቸው። «ይሄማ የባቡር ካርታ ነው» አለ። እውነቱን ነው። የመነሻ ሰዓት አለ፣ መቆሚያ አለ፣ ዕቃ ጫኝና ሸኚ አለ፤ መሐል ላይ ደግሞ ጀልባውም ሰዉም የሚያድርባት ከተማ አለች። ቁንዝላ የመስመሩ ማደሪያ ጣቢያ ነበረች።

ጣናም የራሱ ፊልም አለው። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን እ.ኤ.አ. በ2008 ለዓለም አሳየ። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት በቡርኪና ፋሶው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አገኘ። አንበርብር የተባለ በጀርመን የተማረ ሐኪም አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለችው የእናቱ መንደር ይመለሳል። መንደሩ ግን የልጅነቱ መንደር አልሆነለትም፤ ወጣቶች ለጦርነት እየታፈሱ፣ ያመለጡት በዋሻ እየተደበቁ ነው። ከባድ ትዕይንቶች ስላሉበት ለልጆቼ ሙሉውን አላሳየሁም። ሐይቁና ኮረብታው የሚታይባቸውን ጥቂት ክፍሎች ብቻ መርጬ ደንቦቹን ፈተንባቸው።

መልሱ ወዲያው ወደ ሰሜን ጠቆመን። በፊልሙ ውስጥ መንደሩን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ፣ በላዩም የፋሺስት ጣሊያን ዘመን ሐውልት አለ፤ የጣሊያን ዘመን ሐውልት በኮረብታ ላይ የሚገኘው ጎርጎራ ነው። ዳይሬክተሩም የጎንደር ልጅ ነው። ፀሐይዋም ትረዳለች። ቁንዝላ ምዕራብ ዳር ስለሆነች ፀሐይ የምትወጣው ከውሃው ነው። ጎርጎራ ሰሜን ዳር ስለሆነች ወደ ሐይቁ ፊቱን ላዞረ ሰው ፀሐይ በግራ ወጥታ በቀኝ ትገባለች። ባሕር ዳር ተቃራኒው ነው፤ በቀኝ ወጥታ በግራ ትገባለች። ይህን ያወቀ ልጅ ከእንግዲህ የጣና ፎቶግራፍ ሲያይ ከየት ዳር እንደተነሣ መገመት አያቅተውም።

ጨዋታው እዚህ ላይ ሊያበቃ ነበር። ከጀርባችን ሶፋ ላይ ተቀምጠው ጥጥ የሚፈትሉት አማቴ ናቸው ያስቀጠሉት። የፊልሙን ውሃ አይተው «የኛ ቁንዝላ እንዲህ አይደለም» አሉ። «እኛ ጋ ጀልባ ስንጠብቅ ፀሐይዋ ዓይናችን ውስጥ ነበረች።»

እማማ ያልነገሩን

እማማ የተወለዱት ከቁንዝላ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። ለትዳር ባሕር ዳር ከመጡ ወዲህ አገራቸው የሄዱት ለለቅሶና ለሠርግ ነው፤ እሱም በመኪና፣ ሐይቁ ዳር ሳይወርዱ። ለምን እንዳልወረዱ ጠይቀናቸው አናውቅም ነበር። በዚያ ማታ ራሳቸው ነገሩን።

በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ታላቅ ወንድማቸው 19 ዓመቱ ነበር። ከየቀበሌው ከተመለመሉት ጋር ወደ ታጠቅ ጦር ሠፈር ሊሄድ ቁንዝላ ወረደ። እማማ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ናቸው። እናታቸው ስንቁን፣ እሳቸው ጋቢውን ይዘው ሸኙት። ጀልባው እዚያው አድሮ ጠዋት ነው የተነሣው። ወንድምየው ጀልባው ላይ ቆሞ ሲያውለበልብ ፀሐይዋ ከኋላው ወጥታ ስለነበር ጥላውን እንጂ ፊቱን አላዩትም። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። «ፊቱን ከቤት ስንወጣ ነው የማስታውሰው፤ እዚያማ ጨለማ ነው» አሉ።

ጥር ላይ ልጆቹ ዕረፍት ሲያገኙ በዱርቤቴ በኩል ቁንዝላ ሄድን። ባለቤቴ እናቱን ዳግም ሊያስለቅስ መስሎት ፈራ። እሳቸው ግን ከሁላችንም በፊት ለብሰው ጨርሰው በር ላይ ቆመው ነበር።

ከተማዋ ትንሽ ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ ሻይ ቤቶች፣ በገበያ ቀን የሚሞላ አደባባይ፣ ከዚያ ውሃ። ዓሣ አጥማጆች የደንገል ታንኳቸውን አቁመው መረባቸውን ይጠግናሉ። ምሳ በላን፤ ልጆቹ ተጠብሶ የመጣውን ቀረሶ ዓሣ አጥንቱን እየለቀሙ ጨረሱት፣ አምባዛውን ግን በጢሙ ምክንያት አልነካውም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ዳሩ ላይ ፍለጋ ጀመርን። እማማ ሁለት ነገር ያስታውሳሉ፤ ሰው የሚጠለልበት ትልቅ ሾላና ጀልባው የሚጠጋበት የድንጋይ ካብ። አሁን ጀልባ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሾላ የለም። ልጄ «የማይንቀሳቀሰውን ነው የምንፈልገው» እያለ ወዲያ ወዲህ ሮጠ። መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጉዳያችንን ጠይቀው ሲሰሙ ተነሡ። «የድሮውን ነው? ነይ ልጄ፣ እዚህ አይደለም» ብለው እማማን በዳሩ ይዘዋቸው ሄዱ። ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ፣ ውሃው የሸሸበት ጭቃ ላይ፣ ግማሹ የተቀበረ የድንጋይ ካብ ነበር። በላዩ ሾላው አለ። አንድ ትልቅ ቅርንጫፉ ተቆርጧል፤ እማማ ግን እጃቸውን ግንዱ ላይ አድርገው ዝም አሉ።

ትርፍ የማያስገኝ ማስታወቂያ

ከተከተሉን ወጣቶች አንዱ የመጣንበትን ምክንያት ሲሰማና ለመጽሔት እንደምጽፍ ሲያውቅ ጠጋ አለኝ። «እህቴ፣ ጤዛ የተቀረጸው እዚህ ነው ብለሽ ብትጽፊ እኮ ሰው ይመጣ ነበር። ማን ያጣራል?»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። አስፋልቱ ከገባ ወዲህ መንገደኛው አውቶቡስ መረጠ፤ ጀልባ የሚያድርባት ከተማ መሆን እንደ ድሮው እንግዳ አያመጣም። ሰሜን ዳር ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ ተሠርቶላታል። የቁንዝላ ወጣት «የኛስ?» ቢል እውነት አለው። የእኔ ሥራም ሰው እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ትኬት እንደሚያሸጥ አውቃለሁ።

ግን ያንን ዓረፍተ ነገር አልጽፍለትም አልኩት። የተሳሳተ ቦታ ድረስ የመጣ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ኮረብታውን ፈልጎ ያጣል፣ ተመልሶ ለአሥር ሰው ይናገራል። የካርንፎርዝ ሰዎች አስመስለው የሠሩት የሻይ ክፍል ይሸጣል፤ ምክንያቱም በሩን ከፍተው ሲወጡ እውነተኛው ፕላትፎርም አለ። ቁንዝላ ደግሞ ከሌላው የማትበደረው የራሷ ነገር አላት። ፀሐይ ከሐይቁ ስትወጣ የሚታይባት ዳር ናት። የጣና መስመር ማደሪያ ጣቢያ ናት። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ የሐይቁ ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ገብቶ 460 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው የበለስ ኃይል ማመንጫ ይወርዳል፤ ጣቢያው ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ፊልም የምናይበት መብራት የሚመጣው ከዚህ ዓይነት ቦታ ነው። ያ የድንጋይ ካብ ከጭቃው ቢጠረግ፣ አጠገቡም «በዚህ መስመር ጀልባ ያድር ነበር፤ ሰው ከዚህ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎርጎራ፣ ወደ ጦር ሜዳ ተሸኝቷል» የሚል ሰሌዳ ቢቆም፣ ማጣራት የሚፈልግ ሁሉ ያጣራው።

ወጣቱ ብዙም የረካ አልመሰለኝም። ይሁን እንጂ በማግሥቱ ንጋት ላይ አካፋ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እማማ የሚቆሙበትን ድንጋይ ጠረገላቸው።

እማማ ካቡ ላይ ወጥተው ወደ ምሥራቅ ቆሙ። ፀሐይዋ ከውሃው ስትነሣ እንደነገሩን ዓይን ውስጥ ገባች። ልጄ ውሃው ዳር ድረስ ወርዶ ዞረና እጁን አውለበለበ። «እማማ፣ ፊቴ ይታይዎታል?» አላቸው። «አይታየኝም፤ አንተ ግን እኔን ታየኛለህ?» አሉት። «በደንብ!» አለ። ፀሐይዋ በሙሉ ፊታቸው ላይ ነበረች። እማማ ትንሽ ቆይተው «እንግዲያው እሱ አይቶኛል» አሉ።

ከቤተሰብ ጋር ለሚሄዱ

ቁንዝላ ከባሕር ዳር በመኪና በዱርቤቴ በኩል ይደረሳል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ፣ ጀልባ ከመረጣችሁም የመነሻ ቀኑን ባሕር ዳር ላይ አረጋግጡ። በውሃ የሚሄድ ማለዳ ይነሣ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስና ማዕበል ይበረታል። ለልጆቹ ልካቸው የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ።

አዳሩ ቀላልና መጠነኛ ነው፤ የወባ አጎበር ይያዝ። ቢልሃርዚያ ስላለ ልጆች ዳሩ ላይ እንዳይዋኙ። ጉማሬ ባለበት አካባቢም ከአካባቢው ሰው ጋር እንጂ ብቻችሁን አትሂዱ። ለፎቶ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሰማዩ የጠራ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ዳሩ ላይ ሁኑ።

ኮምፓስ ያለው ስልክና አሮጌ ፎቶግራፍ ካላችሁ ያዙ። ቤታችሁ በዚያ መስመር የተጓዘ አዛውንት ካለ ደግሞ ከፊት ወንበር ያስቀምጧቸው፤ የትኛው ዛፍ ሥር መቆም እንዳለባችሁ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።